ቀጭ ብሎ የገባ እግር

አንድን ነገር እግራችሁ ላይ ከማሰራችሁ በፊት አፈታቱን ጠይቁ። እኔ ይህን ምክር የተማርኩት ከጉልበቴ በታች ጭቃ ውስጥ ተቀብሬ፣ ነጠላዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ፣ በሰፈራችን በቀራንዮ ቁልቁለት መሃል እንደ መብራት ምሰሶ ተተክዬ ነው። እናንተ ቁጭ ብላችሁ እያነበባችሁ ስለምትማሩት ዕድለኞች ናችሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የእህቴ ልጅ ናሆም ሊያገባ ፈለገ። መልካም። ልጅቷ ሰላም ትባላለች፤ ቤታቸው እዚሁ እኛው ሰፈር፣ ቁልቁለቱ ታች፣ ወንዙ ዳር ነው። እሱም መልካም። አባቷ አቶ ታፈሰ ይባላሉ። መልካም የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

አቶ ታፈሰ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ጥገና ያሳለፉ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ አንዲት ልጃቸውን ይዘው የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ሽማግሌ ሆነን የተላክነው ሦስት ነን፦ የነፍስ አባታችን መምሬ ጥላሁን፣ ዕድሜ ልካቸውን ጫማ ሲሰፉ የኖሩት ጋሽ ደምሴ፣ እና እኔ። እኔ በዕድሜዬ አይደለም የተመረጥኩት፤ አርባ ስምንት ዓመት ለሽምግልና ገና ልጅነት ነው። ናሆም ያለ አባት ያደገ ልጅ ስለሆነ ከአጎቱ የሚቀርበው ሰው የለም። ልጁ በእኔ ይተማመናል። ሌላው ነገሩ ሁሉ አስተዋይ ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የማወጣትን ጥቁር የቆዳ ጫማዬን አስጠርጌ ወረድኩ። እናንተ የእኛን ቁልቁለት አታውቁትም። ኮብልስቶኑ ከአስፋልቱ ተነስቶ በጥሩ ሞራል ይወርድ ይወርድና ወይዘሮ አስካለ ሱቅ ጋ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል። ለምን እዚያ ላይ እንደቆመ የሚያውቅ የለም። አንዳንዱ ድንጋዩ አለቀ ይላል፤ አንዳንዱ ሠራተኞቹ የታችኛውን ጭቃ አይተው ፈሩ ይላል። ከሱቁ በታች በሐምሌ ያለውን ነገር ጭቃ ብሎ ለመጥራት እኔም አፌን ይይዘኛል፤ ጭቃ ቢያንስ የወሰደውን ይመልሳል። እኔ ግራ እግሬን አስገብቼ ስመልሰው እግሬ መጣ፣ ጫማዬ ቀረ። በእንጨት ፈለግነው፣ በእጅ ፈለግነው፣ የለም። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ አቶ ታፈሰ ደጅ ቆሜ ስለ ናሆም ጨዋነት ተናገርኩ። እሳቸው ካልሲዬን እያዩ አዳመጡኝና "እስቲ እናስብበት" ብለው ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን።

በሁለተኛው ቀጠሮ ጭቃውን ልሽሽ ብዬ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞርኩ። መንገዱ ደረቅ ነው፤ ግን የት እንደሚያደርስ እሱም አያውቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቼ ስደርስ መምሬና ጋሽ ደምሴ ግቢው መሃል ቆመው ካፊያ እየወረደባቸው ነበር። አቶ ታፈሰ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው፣ "ቀጠሮ የማያከብር ቤተሰብ ልጄን እንዴት አድርጎ ያከብራል?" አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "የዛሬ ሳምንት እሁድ ስምንት ሰዓት ሦስታችሁም ኑ። ያ ካልሆነ ግን ከዚያ በኋላ አትልፉ" ብለው ሸኙን። ናሆም ያን ዕለት ማታ እግሬን ነበር የሚያየው። ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

"የጨነቀው እርጉዝ ያገባል" ይባላል። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ደምሴን ይዤ ኮልፌ ሰልባጅ ተራ ጫማ ፍለጋ ሄድኩ። ሚስቴ ሙሉ ከቤት ሳልወጣ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር።

"መምሬ በላስቲክ ቦት ጫማቸው ሁለቱንም ጊዜ ንጹሕ ሆነው ነው የደረሱት። አንተ ለምን የላስቲክ ቦት አታደርግም?"

ጥያቄው ልክ ነበር፤ ያናደደኝም ለዚሁ ነው። "ሽማግሌ በላስቲክ ቦት ከመጣ ልጅ ሊጠይቅ ሳይሆን የተደፈነ ቱቦ ሊከፍት የመጣ ነው የሚመስለው" አልኳት።

"መምሬስ?"

"መምሬ መስቀል ይዘዋል።"

ሚስቴ ጃንጥላዬን አቀበለችኝ። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ክርክር የምትተውበትን ቦታ በደንብ ለይታ አውቃለች።

የሰልባጅ ነጋዴው ሀብቴ የድሮ ወዳጄ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለ ልብስ ሁሉ በሱ አስተያየት ለእናንተ ተለክቶ የተሰፋ ነው፤ ትከሻው ቢሰፋችሁ "ወፍረህበት ትሞላዋለህ" ይላችኋል። ችግሬን ነገርኩት። ጫማ በጫማ ላይ እየቆለለ ሲያሳየኝ ዓይኔ ከጥግ በኩል ግድግዳ ላይ የተደገፉ ሁለት ነገሮች ላይ አረፈ። ረጅምና ጠባብ፣ ጫፍና ጫፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ባለ ቀለም ጣውላዎች ናቸው።

"ልብስ የሚተኮስበት ጣውላ ነው?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አይ፣ ፈረንጅ በረዶ ላይ የሚንሸራተትበት ነው። ከልብሱ ጋር በስህተት ተጭኖ መጣ" አለ ሀብቴ። "ጣውላው ላይ ሁለት እግርህን ታስርና ከተራራ ቁልቁል ትለቀዋለህ። በቴሌቪዥን አላያችሁም? እዚህ በረዶ ከየት ይምጣ ብዬ ጥግ አስያዝኩት።"

እዚህ ላይ ነው አእምሮዬ ሳላዘው መሥራት የጀመረው። በረዶ እርጥብ ነው፣ ጭቃም እርጥብ ነው። በረዶ ያንሸራትታል፣ ጭቃም ያንሸራትታል። እነሱ ተራራ አላቸው፣ እኛ ከወይዘሮ አስካለ ሱቅ በታች አለን። ሰፊ ጣውላ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ አይሰምጥም፤ ጫማውም አይበላበትም። ከነጭነቱ በቀር በበረዶና በጭቃ መካከል ልዩነት ሊታየኝ አልቻለም። አሁን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብትሉኝ እቀበላለሁ። ያን ዕለት ግን ዓለም ሁሉ ያላየውን እኔ አየሁ ብዬ ደረቴ ተነፋ።

ሁለቱ ጣውላዎች እግር አያያዛቸው ለየቅል ነው። አንደኛው ባለ ጠፍር ነው። ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት ሰፋፊ ጠፍር አለው፤ አንዱ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ አንዱ ጣቶች ላይ ይውላል። ጠፍሩ ጥርስ ጥርስ አለው፤ በዘለበት እየሳባችሁ ታጠብቁታላችሁ። ጫማ አይመርጥም፤ ያደረጋችሁትን ወፍራም ጫማ ሁሉ ይቀበላል። ሁለተኛው ጠፍር የሚባል ነገር የለውም። የራሱ ጫማ አለው፤ ጫማው ከሥሩ ብረት አውጥቷል፣ ጣውላው ላይ ደግሞ ብረቱን የሚነክስ መንጋጋ አለ። ረገጥ ስታደርጉት ይነክሳል።

"ተረከዝህን ትጫነዋለህ፣ ቀጭ ይላል፣ አለቀ" አለ ሀብቴ።

ጫማውን አደረግሁት። ልኬ ነው፤ ይህ ደግሞ በሀብቴ ሱቅ ተአምር ነው። ክር የለውም። ቁርጭምጭሚቱ ላይ አንዲት ክብ መዘውር አለች፤ ስታዞሯት በውስጥ ያለው ሽቦ ይሰበሰብና እግራችሁን ጥብቅ ያደርገዋል። ረገጥኩ። ቀጭ አለ። ሌላውን ረገጥኩ። ቀጭ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ ውስጥ በአንድ ሙከራ የተሳካልኝ ነገር ምን እንደሆነ ባስብ ሌላ ትዝ አይለኝም። የቤቴ በር በሁለት እጅ ተገፍቶ ነው የሚዘጋው፣ ስልኬ አራቴ ካልነካኩት አይሰማም፣ እዚህ ግን እግሬን አሳረፍኩ፣ ጉዳዩ አለቀ።

ጋሽ ደምሴ ሁለቱንም ጣውላ ገለባበጡ፣ በጥፍራቸው ቧጠጡ፣ አሸተቱ።

"ይሄኛው የሚታሰር ነው" አሉ ባለ ጠፍሩን እየመቱ። "የታሰረ ነገር ይፈታል፤ የት ጋ እንደታሰረ በዓይንህ ታየዋለህ፣ እጅህም ያውቀዋል። ያንተ ግን ተቆለፈ። ቁልፉ የታለ?"

"ጋሽ ደምሴ፣ ጊዜው ተለውጧል። እርስዎ ያንን አንድ ዘለበት ሲስቡ እኔ አቶ ታፈሰ ደጅ ደርሼ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።"

"መግቢያውን አይቻለሁ። መውጫውን ነው የጠየቅኩህ።"

"መውጫውም ቀላል ነው፤ ይኸው" አለና ሀብቴ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነካ አደረገ። እግሬ ወጣ። ምኑን እንደነካው አላየሁም። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት ፊት ለፊት ባለው መስታወት ራሴን እያየሁ ነበር፤ ጣውላ ላይ የቆመ ሰው ቁመቱ ያምራል። ድገመው ማለት አፈርኩ፤ አየሁት ብዬ አለፍኩ።

አንድ ነገር ላውጋችሁ። የእኛ ታክሲ በር እንዴት ነው የሚዘጋው? ማንም ይዘጋዋል፤ ጓ ማድረግ ነው። ለመክፈት ግን ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ፣ በውጭ በኩል ይዞ፣ በትከሻው ገፍቶ፣ አንድ ለራሱ ብቻ የሚያውቃትን ስድብ ሰድቦ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ተሳፍሬ ወርጃለሁ። ይህን ሁሉ ትምህርት ይዤ ነው እንግዲህ ባለ ቀጩን ተሸክሜ ከሀብቴ ሱቅ የወጣሁት። ጋሽ ደምሴም ባለ ጠፍሩን ብብታቸው ሥር አድርገው ተከተሉኝ። "አንተ ተንሸራተህ ስትደርስ እኔ በእግሬ ልንቧቸር ነው?" አሉ። ሰባ ዓመት ሰውን ከእልህ አያድንም።

ሚስቴ ጣውላውን ሳሎን መሃል አይታ ዞረችው።

"ትወርድበታለህ እንበል። እንዴት አድርገህ ነው የምትወጣው?"

"መጀመሪያ እንውረድ" አልኳት። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።

እሁድ ደረሰ። ጠዋት ዝናቡ ሲወርድ ውሎ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አባራ። ናሆም እኛ ቤት ቀረ፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። በሩ ድረስ ሸኝቶኝ፣ "ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ በሰዓቱ ይድረሱልኝ" አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን አባቱን የቀበርን ቀን እጄን ይዞ የቆመው ሕፃን ነው የታየኝ። "ተወው፣ ለእኔ ተወው" አልኩት።

ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሦስታችን ተገናኘን። መምሬ ጥላሁን በጥቁር የላስቲክ ቦታቸው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መጡና ጣውላዎቹን አዩ።

"ምንድን ናቸው እነዚህ?"

"ማመላለሻ ናቸው፣ አባቴ።"

መምሬ ትንሽ አሰቡ። "እግዚአብሔር ያውቃል" አሉና ቁልቁለቱን ወረዱ። ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ እያሉ፣ አንዴ እንኳን ሳያደናቅፋቸው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ከፍ አድርገው ይዘው ከዓይናችን ጠፉ። እኛ ሁለት አስተዋዮች ቀረን።

ጋሽ ደምሴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠፍራቸውን ጀመሩ። አንዱን ዘለበት ይስባሉ፣ ጠበቀ ብለው ያላሉታል፣ ላላ ብለው ይስቡታል፤ የቀኙን ጨርሰው የግራውን ሲይዙ ቀኙ ያሳስባቸዋል። ሰዓቴን አየሁ። ለስምንት ሃያ ጉዳይ ነው። እኔ ረገጥኩ፣ ቀጭ፤ ረገጥኩ፣ ቀጭ። ጨረስኩ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

"ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ታስረው ሲጨርሱ ናሆም ልጅ ይወልዳል።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሉ ቀና ሳይሉ።

"በዚህ ጭቃ ከሄደስ ያ እንቁላል…" ብዬ ሳልጨርስ ጣውላው ሄደ።

ለመሄድ ገና አልወሰንኩም ነበር። ጣውላው ግን እኔን ማስፈቀድ አላስፈለገውም። የመጀመሪያዋ ገደላማ ቦታ ላይ ዝናቡ ያለሰለሰው ቀይ አፈር አለ፤ እዚያ ላይ ሃያ እርምጃ ያህል በረርኩ። እነዚያ ሃያ እርምጃዎች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይሉ ነበር። ነጠላዬ በኋላዬ ተዘርግቷል፣ ዶሮ ከፊቴ እየተበተነ ነው፣ በቆሎ የምትጠብሰው አልማዝ ማራገቢያዋን እንደያዘች አፏን ከፍታ አየችኝ። ፈረንጅ ለምን ገንዘቡን እዚህ ላይ እንደሚጨርስ ገባኝ። ከዚያ ጫማዬን የበላው ጭቃ ጋ ደረስኩ። ጣውላው ቆመ። እኔ መቆማችንን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ በሁለት እጄና በግንባሬ አረፍኩ።

ስነሣ ሁለት እግሬ አንድ ላይ ተተክሏል። ወደፊት የለም፣ ወደኋላ የለም። መዝለል ሞከርኩ፤ ጭቃው ሥሬን ስቦ መለሰኝ። ጋሽ ደምሴ በስተኋላዬ መጡ። ሦስት ቦታ ወድቀው፣ ሦስት ቦታ እየተሳደቡ ተነሥተው እኔ ዘንድ ሲደርሱ፣ ረጋ ብለው ተቀመጡ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አራቱን ዘለበት ፈቱ። ጠፍሩን ኩሬ ውስጥ አለቅለቁ፣ ጣውላቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉ፣ ቆሙ።

"ፍታ እንጂ" አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ሀብቴ የነካውን ነገር ፈለግኩ። ተረከዜ አካባቢ አንዲት እጀታ መኖር አለባት። ተረከዜ ራሱ የለም። ጣቴን ጭቃው ውስጥ ሰድጄ ያገኘሁትን ሁሉ ሳብኩ፤ አንዱ ሥር ነበር፣ አንዱ የላስቲክ ገመድ። በመጨረሻ እጀታዋን አገኘኋት፣ ሳብኳት፣ አልንቀሳቀስ አለች፤ መንጋጋው ውስጥ ጭቃ ሞልቶ ነክሶ ቀርቷል። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ያለ ሰው በጠፍር ዘመን የነበረ ነው። ይኸው እኔ እየሮጥኩ ታጥቄ፣ አልፈታ ብሎኝ ቆሜያለሁ።

አልማዝ ከሰሏን የምታገላብጥበትን ብረት ይዛ መጣች። ከሱቁ ወይዘሮ አስካለ ካቻቪቴ ላኩ። ጋሽ ደምሴ ጭቃው ውስጥ ተንበርክከው በካቻቪቴው ፈለቀቁ፣ በብረቱ ጎረጎሩ፣ እኔ ትከሻቸውን ይዤ ሳብኩ። የቀኙ ቀጭ ብሎ ወጣ። የግራው ግን እምቢ አለ። ለስምንት አሥር ጉዳይ ሆነ።

"እግሬን ከጫማው ላውጣ" ብዬ መዘውሯን ላዞር ሞከርኩ። መዘውሯም ጭቃ ጠጥታለች፤ በውስጥ ያለው ሽቦ እግሬን እንደያዘ ደርቋል። ክር ቢሆን ቆርጬ ወጥቼ ነበር።

"ጋሽ ደምሴ፣ ቢላ ከአልማዝ ይቀበሉና ቆዳውን ይቅደዱልኝ።"

ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አዩኝ። ግንባራቸው ጭቃ ነው። "አርባ ዓመት ጫማ ሰፍቻለሁ" አሉ። "ደህና ጫማ አልቀድም።"

"እግሬ እኮ ነው ያለው ውስጡ።"

"እግርህ ምን ሆነ? ጫማው ምን አጠፋ?"

ለመጨቃጨቅ ጊዜ አልነበረንም። እንዲሁ ሄድን። ቀኝ እግሬ ይራመዳል፣ ግራ እግሬ ቁመቱ እኔን የሚያህል ጣውላ ይጎትታል። ጣውላው በቀጥታ አይሄድም፤ ዞር ይልና ከፊቴ ይጋረዳል፣ እሱን አልፋለሁ፣ ከኋላ ይጠልፈኛል። ጋሽ ደምሴ የራሳቸውን ጣውላ በአንድ ብብት፣ እኔን በሌላው ይዘው ይገፋሉ። ከታች የምትመጣ አንዲት ሴት ቆም ብላ እግሬን አይታ ከንፈሯን መጠጠች፤ "እግዜር ይማርዎት፤ ወጌሻ ጋ ነው?" አለችኝ። ላስረዳት አፌን ስከፍት ጋሽ ደምሴ "አዎ" ብለው አሳለፉን። ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ደርሶ ነበር፤ በጣውላው፣ በሀብቴ፣ በፈረንጅ፣ ከሁሉም በላይ መስታወት ውስጥ ባየሁት ሰውዬ።

የአቶ ታፈሰ ግቢ በር ጠባብ የቆርቆሮ በር ነው። መምሬ ውስጥ ቆመው ይጠብቁናል፤ ንጹሕ ናቸው። አቶ ታፈሰ በረንዳው ላይ ሰዓታቸውን ይዘዋል። ስምንት ሰዓት ሊሆን አንዲት ደቂቃ ናት የቀረችው። ጋሽ ደምሴ ገቡ። እኔ ቀኝ እግሬን አስገባሁ፤ ጣውላው በጎን ሆኖ በሩ ላይ ተጋደመ። አዞርኩት፣ ገፋሁት፣ ጋሽ ደምሴ ከውስጥ ሳቡት፤ ባንዴ ሲገባ አብሬው ገባሁና ግቢው መሃል፣ ጭቃው ላይ፣ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

የሽምግልና ወጉን ለማታውቁ፣ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ "ሰጥቻለሁ" እስኪባል ድረስ አይቀመጥም። ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል፣ ቆሞ ይለምናል፣ እምቢ ከተባለ እንደቆመ ይመለሳል። አባት እሺ ካለ ወንበር ይወጣል። ባለፉት ሁለት ጊዜያት ወንበር የሚባል ነገር ከዚያ ቤት አልወጣም። እኔ ደግሞ እንኳን እሺ ሊባል፣ ገና ሰላምታ ሳንሰጥ ነው የተቀመጥኩት። መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ አቶ ታፈሰ።

"ጣውላ ነው" አልኩ።

"ጣውላ መሆኑን አያለሁ። እግርዎ ላይ ምን ይሠራል?"

መምሬ ሊያድኑኝ ገቡ። "በአባቶቻችን ጊዜ ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተለማኙ እግር ላይ ይወድቅ ነበር። ይህም ያው የትሕትና…"

"መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ሰውዬ ትሕትና ይዞት አይደለም የወደቀው" አሉ አቶ ታፈሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መጀመሪያ ባንድ ጫማ መጣችሁ። ቀጥሎ በሰዓታችሁ አልመጣችሁም። ዛሬ ደግሞ…" ጨርሰው ሊናገሩ ነበር። እጃቸውን ወደ በሩ አንሥተዋል። የናሆም ነገር እዚያች እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝ። ግን ዓይናቸው ተረከዜ ላይ ቀረ። አርባ ዓመት ሞተር የፈታ ሰው አንድ ያልፈታው ነገር ፊቱ ሲጋደም አያስችለውም።

"በየት በኩል ነው የሚከፈተው?" አሉ።

"ባውቅማ እዚህ አልቀመጥም ነበር።"

ከበረንዳው በዝግታ ወረዱ፤ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው የሚረግጡት። ካቻቪቴውን ከጋሽ ደምሴ ተቀበሉ። መንበርከክ አቃታቸው፤ ስለዚህ የጣውላው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጭቃውን በካቻቪቴው ጫፍ እየጫሩ፣ ብረቱን እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው እያዳመጡ ሥራ ጀመሩ። መምሬና ጋሽ ደምሴ ራቅ ብለው ቆሙ። የእኔና የአቶ ታፈሰ ራስ ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

"ጎበዝ ነው የሠራው" አሉ ለራሳቸው። "ጭቃ አላየም እንጂ።"

"አላየም።"

ትንሽ ጫሩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ልጁ ቤት የት ነው የተከራየው?" አሉኝ።

"ከአስፋልቱ በላይ፣ መድኃኔዓለም አጠገብ።"

"ከአስፋልቱ በላይ" አሉ። ካቻቪቴው ቆመ። "እኔ ክረምት ከገባ ይሄን ዳገት አልወጣውም። ጉልበቴ ካቆመኝ ሦስት ዓመቱ ነው። ሰላም ናት ዳቦውንም መድኃኒቱንም ይዛ የምትወርደው። ከአስፋልቱ በላይ ከሄደች…" ጭቃውን ከካቻቪቴው ላይ በጣታቸው ጠረጉ። "ከሰኔ እስከ መስከረም ማን ይመጣል እዚህ?"

ለዚህ ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። የናሆም ትምህርት አለ፣ ሥራው አለ፣ የእናቱ ዘር አለ፣ በመሃል በመሃሉ የምጥላቸው ሁለት ተረቶችም ነበሩ። ሁሉም ጠፋብኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት በካልሲዬ ነው፤ ለካ የሳቸው ጭንቀት ካልሲዬ አልነበረም። ሰውዬው ፈርተው ነው። ይህን ሳውቅ ማዘን ሲገባኝ ጭራሽ ተናደድኩ፤ ወገቤ ርሷል፣ እግሬ ደንዝዟል፣ ያበጠ ግንባሬ ይመታል። እናም ለሽማግሌ በማይገባ ድምፅ ተናገርኳቸው።

"እኔ መጣሁ አይደል?"

አቶ ታፈሰ ቀና አሉ።

"ሦስት ጊዜ መጣሁ" አልኩ። "አንዴ ጫማዬን አስበልቼ መጣሁ። አንዴ በወፍጮ ቤት ዞሬ መጣሁ። ዛሬ ደግሞ ይኸው። እኔ እንግዲህ አጎት ነኝ፤ ሴት ልጅ ወድጄ እንኳን አይደለም። ናሆም የእኔ ሥጋ ነው፤ እሱም እንደ እኔ ነው፤ ነገር አይገባውም፣ ግን ይመጣል።"

አቶ ታፈሰ ጭቃ ከለበሰው ጠጉሬ ጀምረው፣ አንገቴ ላይ የተጠመጠመውን ነጠላ፣ የተቀደደ ጉልበቴን፣ እስከዚያ እስከተነከሰው እግሬ ድረስ ቀስ ብለው ተመለከቱኝ። አገጫቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ሊያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሊስቁ መስሎኝ አፈርኩ፤ የትኛው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ካቻቪቴውን ለጋሽ ደምሴ መለሱ፤ እግሬ እንደተቆለፈ ነው።

"ሰላም" ብለው ወደ ቤት ተጣሩ። "ወንበር አምጪ።"

ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ቆማ ስትሰማ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ደራርባ ይዛ ወዲያው ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ሁለት ይበቃል" አሏት አባቷ። "አንዱ ተቀምጧል።"